የፈረንሳይ ሠርግ በስካይዌይ

ቼሪ ጎዳና፣ ንጋት ላይ

ጎህ ሲቀድ ጋሽ መኮንንን ከቤታቸው አሳፈርኩ። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ግራጫ ሱፍ፣ ቀይ ክራቫት፣ ከላይ የዝናብ ጃኬት። ሽማግሌ ሆነን ስካይዌይ የሚባለው ሰፈር መሄዳችን ነው። የአክስቴ ልጅ ናትናኤል ጴንጤ ነው፤ የሚወዳት ሕይወት ደግሞ የኦርቶዶክስ ልጅ። አባቷ አቶ ደምሴ ዛሬ እምቢ ካሉ ነገሩ አበቃ፤ ልጅቷ ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም ብላለች።

ሬኒየር ጎዳና

ካፊያ ነው። ግራና ቀኝ ጎማ ቤት፣ የቬትናም ዳቦ ቤት፣ ገና ያልተከፈተ ሥጋ ቤት። ጋሽ መኮንን ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

«በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ቤተ መንግሥትም ይህንኑ ሞክሮ ነበር። ሁለቱ ወገኖች እንዲታረቁ ካቶሊኳን ልዕልት ለፕሮቴስታንት ንጉሥ ዳሩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ሙሽራው ደጅ ቆመ።»

«ታዲያ ታረቁ?»

«የት! ሳምንት ሳይሞላ የሙሽራውን እንግዶች ፈጇቸው።»

መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ እዚያ ቤት ይህን ታሪክ እንዳያነሡ!»

ሬኒየር ቢች

ነዳጅ ስቀዳ ናትናኤል ደወለ።

«ሶ፣ ምን አሉ?»

«ገና አልደረስንም እኮ አንተ!»

«ኦኬ፣ ኦኬ። እንደወጣችሁ ኮል አድርጉልኝ።» አሳዘነኝ።

ስካይዌይ

አቶ ደምሴ በር ከፈቱልን። እንደ ደንቡ አንቀመጥም ብለን ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። ሰውየው ጋሽ መኮንንን ትኩር ብለው አዩ።

«አንቱ የታሪክ መምህር ነበሩ አሉኝ። እንዲህ ሃይማኖት የለየው ጋብቻ ለነገሥታቱስ ሠምሮላቸው ያውቃል?»

የጋሽ መኮንንን እግር ረገጥኩ። የት ሊሰሙኝ! ደጅ ከቆመው ሙሽራ እስከ እልቂቱ አንድ ሳያስቀሩ ዘረገፉት። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

«ለምን ከሸፈ?» አሉ አቶ ደምሴ።

«ዳሪዎቹ የሚጨነቁት ለዘውዳቸው ነበር። የሙሽሪትን ልብ የጠየቀ የለም።»

አቶ ደምሴ ወደ ደረጃው ዞሩ። ከዚያ በሽምግልና ላይ አይቼ የማላውቀውን አደረጉ፤ ልጃቸውን ከፎቅ ጠሯት።

«የኔ እናት፣ ሰው ፊት መልሽልኝ። ትወጂዋለሽ?»

«የስ፣ ዳዲ።» ማተቧን ያዝ አደረገች። «ይህን አውልቂ ብሎኝም አያውቅም።»

«እንግዲያው ሰጥቻለሁ» አሉ። እንባዬ መጣ፤ ደስ አለኝ፣ አላፈርኩም።

አቶ ደምሴ ሳቅ አሉ። «እኔን ሲድሩኝ እንኳ ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አሉ ባለቤታቸው ከማድ ቤት።

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅሽ። ታገቢኛለሽ?»

የዕቃ ማጠቢያው ውኃ ቆመ።

«ዘመድ አማክሬ እመልስልሃለሁ!»