ያልጠየቅሁት የደኑ ታቦት

ልጅ ሳለሁ፣ አሁንም ገና ልጅ ነሽ የሚሉኝ አሉ፣ ይበሉ፣ እኔ ግን ልጅነቴ የት ቦታ ላይ እንዳለቀ ለይቼ አውቃለሁ፤ ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ተረት ይነግሩኝ ነበር። አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ዳር፣ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ያኔ አዲስ ነበር። ግቢው ገና ሣር አላበቀለም፣ መንገድ ዳር የተተከሉት ችግኞችም በእንጨት ታስረው ከእኔ ቁመት አይበልጡም ነበር። አባቴ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ያን ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይነዳል፤ ሺፍቱ የማታ ነው። እናቴም ሥራ ስለምትገባ ሲመሽ ቤት የምንቀረው እኔና አያቴ ነበርን።

አያቴ መጀመሪያ ጧፍ አብርተው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ሲጨርሱ ጧፉን እፍ ይሉታል፣ ቀጭን ጭስ ወደ ጣሪያው ይወጣል፣ አንዳንድ ቀንም የጭስ ማንቂያው መጮህ ይጀምራል። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ ሳራግብ እሳቸው ከታች ሆነው «ዳዊት ሲደገም የማይወድ ይኼ ደግሞ ምን ያለ ጋኔን ነው?» እያሉ ይስቃሉ። ከዚያ ትልቁን መብራት አጥፍተን ሂተሩ ፊት እንቀመጣለን። የሂተሩ ብረት እንደ ፍም ይቀላል፣ የአያቴም ፊት ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጨለማ ይሆናል፣ ተረቱም ይጀመራል።

ተረታቸው ሁሉ ስለ ደን ነበር። አያቴ ያደጉት ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። እዚያ ተራራው ታርሶና በበግ ተግጦ የተላጨ ነው ይሉኝ ነበር፤ ዛፍ የሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ባለበት ብቻ ነው። ከሩቅ ጥቁር ክብ ደን ካየሽ መሐሉ ላይ ታቦት አለ፣ ሌላ ምልክት አያስፈልግሽም። ከደብሩ ወይራ ለሞፈር ስለቆረጠው ሰውዬ ነገሩኝ፤ በሬዎቹ የመጀመሪያው ትልም ላይ ተንበርክከው እንጨቱን እስኪመልስ አንነሳም ብለውታል። ደኑ ውስጥ ከጎረቤቷ ጋር ስለተሰዳደበችው ሴትም ነገሩኝ፤ ድምጿ ከአፏ ወጥቶ ከርግቦቹ ጋር ዛፍ ላይ ሰፍሯል። ይችን ስሰማ እኔም ሳላውቅ የሆነ ደን ገብቼ ጮኼ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ትምህርት ቤት አልናገርም ነበር። መምህራኑ ሲጠይቁኝ ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይቀራል። አባቴን በየጊዜው ይጠሩታል፣ እሱም መኪና ውስጥ «ምን ጎደለብሽ? ኧረ ንገሪኝ፣ ምን ጎደለብሽ?» እያለ መሪውን ይመታል። ቤት ውስጥ እንኳ ሳልፈራ የምናገረው ከአያቴ ጋር ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ አያቴንና እኔን ይዞ ስኮትላንድ ወሰደን። እህቱ፣ አክስቴ ስንዱ፣ እዚያ አንዲት ትንሽ ከተማ ትኖራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ኑ፣ ደን ላሳያችሁ» አለችን። የሄድንበት መንገድ ግራና ቀኙ ራቁቱን የቀረ ኮረብታ ነበር፣ በግ ብቻ የተበተነበት። ድንገት ከኮረብታው ሥር ጥቁር አረንጓዴ ክብ ደን ታየን። አያቴ የመኪናውን መስኮት በመዳፋቸው ያዙ።

ያን ደን እስካሁን አልረሳውም። ዛፎቹ ያረጁ፣ ግንዳቸው ሽበት የሚመስል አረንጓዴ ነገር የለበሰ፣ ቅርንጫፋቸው ከላይ የተያያዘ ነበር። ብርሃኑ በቅጠል ተጣርቶ ነው የሚወርደው። እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ከሩቅ ውኃ ይሰማል፣ ከዚያ ውጪ ዝም ነው። እኔ ያለ ንግግር የሚኖርበት ቦታ ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ማንም ለምን ዝም አልሽ የማይልበት።

መግቢያው ላይ ትንሽ የእንጨት በር አለ። አያቴ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ፣ አማተቡ፣ መቃኑን ተሳለሙ፣ ጎንበስ ብለውም ጫማቸውን አወለቁ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ አባቴ።

«ደብር አይደለም እንዴ?»

«ፓርክ ነው እኮ! ሰው ውሻውን የሚያናፍስበት ፓርክ!»

«ያለ ታቦትማ ይኼን ሁሉ ዛፍ ማን ይተወዋል?» አሉ አያቴ ረጋ ብለው። «ዙሪያውን አላየኸውም? በጉ ሁሉን ግጦ ይኼን ብቻ የተወው ከማን ፈርቶ ነው?»

አክስቴ በሳቅ ተንከተከተች። «ውይ አባባዬ! ቆይ፣ ቆይ፣ ይድገሙት» ብላ ስልኳን አወጣች። አባቴ ሰው እንዳያይ ግራ ቀኙን ሲያማትር ጆሮው ቀልቶ ነበር። አያቴ ግን በባዶ እግራቸው ገቡ፤ እኔም እጃቸውን ይዤ ተከተልኳቸው፣ ሁለቱ ኋላ ቀሩ።

ጥቂት እንደሄድን አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስሚ ፌቨኔ፣ ስለት ልሳልልሽ ነው» አሉኝ። «አንደበትሽ እንዲፈታ። አገር ተሻግሬ በባዶ እግሬ የገባሁበት ደብር አያሳፍረኝም። ግን ታቦቱ ማን እንደሆነ አላውቅም። ሚካኤል ይሁን ማርያም፣ ስሙን ሳላውቅ መሳል ደግሞ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ መላክ ነው።» ያኔ ከፊታችን አንዲት ሴትዮ ውሻ ይዛ መጣች። አያቴ ትከሻዬን ነካ አደረጉ። «የዚህ አገር ሰው ናት። ጠይቂልኝ።»

እንግሊዝኛውን አውቀዋለሁ። በሐሳቤ ሦስት ጊዜ አልኩት። ሴትዮዋ ፊታችን ቆመች፣ የአያቴን እግር አየች፣ ሰውዬው ደህና ናቸው ወይ፣ መንገድ ጠፍቷቸው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ውሻውን እያየሁ ዝም አልኩ። ጠበቀችኝ፣ ፈገግ አለችና አለፈች።

«ምን አለች?» አሉ አያቴ።

«አላውቅም አለች።»

አያቴ በሐዘን ከኋላዋ አዩዋት። «አዬ ጉድ! የመንደሯን ታቦት የማታውቅ ሰው!» ስለቱን አልተሳሉም። ተመልሰን መኪናው ጋ ስንደርስ እሾህ ወግቷቸው ተረከዛቸው ይደማ ነበር። አባቴ ጫማቸውን መሬት ላይ ወርውሮ «እባክዎ ያድርጉት፣ ሰው እያየን ነው» አላቸው።

እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት አልናደድም ነበር። ሜልበርን ስንመለስ ግን አባቴ ነገሩን ወሬ አደረገው። ክርስትና ላይ፣ ልደት ላይ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አክስቴ ቀርጻ የላከችለትን ቪዲዮ ያወጣል። አያቴ መጀመሪያ ላይ አብረው ይስቁ ነበር። እኔ ሳቃቸውን ስለማውቀው የሚስቁት አባቴን እንዳያሳፍሩት መሆኑ ይገባኝ ነበር። ቀስ በቀስ ማታ ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ ወደ ክፍላቸው መግባት ጀመሩ። አንድ ማታ «ተረትስ?» ስላቸው «ተረቴን አባትሽ ነግሮ ጨረሰው» አሉኝ። አባቴን የጠላሁት ያን ቀን ነው። ጠላሁት ብዬ ስጽፍ አላፍርም።

ባለፈው ዓመት አንደኛ ደረጃን ስጨርስ አባቴ ድግስ ደገሰ። የመጨረሻውን ዓመት ያለፍኩት በጭንቅ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ተጠራ። ምግቡ ከተበላ በኋላ አባቴ ቪዲዮውን ወደ ቴሌቪዥኑ ላከው። የአያቴ ባዶ እግር ግድግዳውን ሞላው። የአባቴ ጓደኛ ጋሼ ግርማ ሆዱን ይዞ «አባባ አላምረው» አላቸው፣ «እዚህ ሜድስቶን ሾፒንግ ሴንተሩ በር ላይስ አንሳለምም እንዴ? እዚያም እኮ ሦስት ዛፍ አለ!» ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አያቴ ሊስቁ ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ብድግ አልኩ። «አጥፋው!» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «ስለቱ ለኔ ነበር! እኔ እንድናገር ነበር የታቦቱን ስም የፈለጉት! እናንተ ትስቃላችሁ!» ከዚያ ወደ አያቴ ዞርኩ። «እኔም ዋሽቻለሁ አባባ። ሴትዮዋን አልጠየቅኋትም። አላውቅም አላለችም።»

አባቴ ሪሞቱን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ አንዷ እንግዳ «እልል! አፏ ተፈታ!» አለች፤ ሌሎቹም አጨበጨቡ። ያልኩትን ሳይሆን መናገሬን ሰሙ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልኩትን የሰሙት አያቴ ብቻ ነበሩ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁና «ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ሴትዮ በከንቱ አማኋት» አሉ። ተነስተው ክፍላቸው ገቡ።

አባቴ ቪዲዮውን ከስልኩ አጥፍቶታል። «ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር» ብሎኛል። አለማወቁ ነው የሚያናድደኝ፤ አጠገባቸው ቆሞ ነበርና መጠየቅ ይችል ነበር። ግን እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሁሉንም ተራ በተራ ስወቅስ መጨረሻ ላይ የምደርሰው ራሴ ጋ ነው።

ከተረቶቹ የቀረልኝ ትንሽ ነው። ያኔ ከግማሽ በላይ ሳልሰማ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፣ ነገ ማታም ይኖራል ብዬ። ስለዚህ ብዙ መጀመሪያ አውቃለሁ፣ መጨረሻ ግን የለኝም። ሴትየዋ ድምጿን ከርግቦቹ መልሳ አገኘች ወይስ እንደዚያው ቀረች፣ አላውቅም። አያቴ ግድግዳ ማዶ ናቸው፣ ሲያስሉ ይሰማኛል፣ አልተቆጡኝም፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ግንባሬን ይስሙኛል። አሁን ሰው ሁሉ አፏ ተፈታ ይለኛል። ትናንት ማታ የተረቱን መጨረሻ ልጠይቃቸው ተነሳሁ፣ በራቸው ድረስ ሄድኩ፣ እጄን ላንኳኳ አነሳሁ፣ ዳዊቱን ሲደግሙ ቆሜ ሰማሁና ሳላንኳኳ ተመለስኩ።