አባቴ የተከለው ጃትሮፋ

አባቴ ጡረታ በወጣ በወሩ ከአንድ ስልጠና አንድ እስር የጃትሮፋ እንጨት ተሸክሞ መጣ። ጡረተኛን ለስልጠና የጠራ ሰው ምን ይባላል! «ፍየል አይበላውም፣ ድርቅ አይበግረውም፣ ፍሬው ዘይት ይወጣዋል። ከእንግዲህ መብራት ቢጠፋ ምን ገዶን!» አለ። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ላይ ሲያሰምር የኖረ ሰው ነውና፣ በሲባጎ እየለካ በጎረቤት በኩል ከግቢያችን ዳር እስከ ዳር አጥር አድርጎ ተከለው። ክረምት ነበር፣ ሁሉም ጸደቀ።

አቦከር ሰፈር ያለው ግቢያችን ከጎረቤታችን ግቢ የሚለየው በአሮጌ ቁልቋል ነበር፤ መሐሉ ላይ ሰው የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው። ጎረቤታችን ሐረሪ ሴትዮ ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት በዚያች ክፍተት ተመላልሰዋል። ሁዳዴና ረመዳን ሲገጥሙማ አይጣል ነው። እሳቸው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ፣ የምስር ሳምቡሳ ይዘው ይመጣሉ፤ እናቴም ቅዳሴው ቀድሞ ቢያልቅም አዛኑን ጠብቃ አብራቸው ጾሟን ትፈታለች። ይህን ለነፍስ አባቷ የነገረቻቸው አይመስለኝም።

አባቴ ክፍተቷንም ደፈናት። ክፋት አስቦ እንዳይመስላችሁ፣ መስመሩ እንዳይጎድልበት ነው።

ጃትሮፋው ሲወፍር ጎረቤታችን ቀሩ። በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ብቻ ሆነ። እናቴ «ሥራ በዝቶባቸው ነው» እያለች ራሷን ስትሸነግል ከረመች፤ ተስፋዋ ረመዳን ነበር። ረመዳን ገባ፣ አዛን አለ፣ ሳምቡሳ የለም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን እንባዋ መጣ።

«ጓደኛዬን አሳጣኸኝ፣ አንተ ሰው!»

«ምን አደረግሁ? የፊት በር አለ አይደል እንዴ?» አለ አባቴ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። እኔ ሳቅሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። ዞረን የጎረቤታችንን በር አንኳኳን። ጎረቤታችን ከፍተው ሲያዩን ደነገጡ። ከኋላቸው ሳምቡሳው በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል።

«ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» አለች እናቴ።

«እኔስ? አጥሩን ሳየው ‹ይብቃሽ› ያላችሁኝ መሰለኝ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ኧረ በሞቴ! ታዲያ በፊት በር ቢመጡ ምን ነበረበት?»

«በፊት በርማ እንግዳ ነው የሚገባው፣ ወንድሜ» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤታችሁን አንኳኩቼ አላውቅም። ዛሬ ማን ነኝ ብዬ ላንኳኳ?»

አባቴ ዶማ ሊያመጣ ሄደ።