ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ማይል

ቨርነል ቴት ቢሮዬ የመጣ ዕለት ሳቅሁበት። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ሰውን ሁሉ ስወቅስ ራሴን የዘለልኩ እንዳይመስል።

ቢሮዬ በካውንቲው ፍርድ ቤት ምድር ቤት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ለቀድሞ ወታደሮች ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የጦሩ ጸሐፊ ነበርኩ፤ እዚህ ከተቀመጥኩ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመቴ። የጠፋ ሜዳሊያ፣ የተበላሸ ጉልበት፣ ያልተመዘገበ ቁስል፣ የማይመጣልኝ ጉድ የለም። የሹፌር ምልክት ተከለከልኩ ብሎ ይግባኝ ሊል የመጣ ሰው ግን እስካሁን ቨርነል ብቻ ነው። ያቺ ምልክት በጦሩ ውስጥ ደረት ላይ ከሚሰኩት ሁሉ ትንሿ ናት። በፓራሹት የሚዘሉት ልጆች ሲያዩዋት ይሳሳቃሉ።

"ለእሷ ነው?" አልኩት።

"ለእሷ ነው፣ ሚስ ክሊዮ።"

"ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ?"

"የቆየሁት ስላልፈለግኋት አይደለም" አለና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

ያኔ መሳቄን ተውኩ። ቨርነልን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን ጭረት አላስነካትም። ዝናብ ሲጥል የኛ የጥድ ጫካ መንገድ ምን እንደሚመስል የነዳበት ያውቃል። እናቶች "ቨርነል ከሆነ የሚነዳው ልጄ ገብቷል ማለት ነው" ይላሉ። እንዲህም ሆኖ ስሙን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ቡና ቤት ሲገባ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲቆም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር "ጄኔሬተር!" ይሉታል። እኔም ስሙ የወጣለት ለሽሙጥ ይመስለኝ ነበር። ጄኔሬተር ይጮኻል፣ እሱ ደግሞ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

ነገሩን ያን ቀን ነገረኝ። በሁለት ሺህ አራት የኛ ከተማ ተጠባባቂ ጦር ኢራቅ ዘመተ። ተጠባባቂ ጦር ማለት እዚህ ጎረቤትህ ነው፤ ሰኞ አብሮህ ሥራ የሚገባ ሰው ነው። የቨርነል ሃምሳ አለቃ ሃርላን ቢግስ ነበር። ይኸው ቢግስ ያኔ አገር ቤት የትምህርት ቤቱ አውቶቡሶች አለቃ ነበር፤ ማን ቋሚ እንደሚሆን፣ ማን በየወሩ እየተጠራ እንደሚሠራ የሚወስነው እሱ ነበር። ቨርነል ያን ጊዜ በየወሩ ከሚጠሩት አንዱ ነበር።

በመስከረም አንድ ቀን ከኩዌት ድንበር ተነሥተው ነዳጅ የጫነ ቦቴ ይዘው ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ማይል ሄዱ። የነዳው ቨርነል ነው፣ ቢግስ አጠገቡ ጋቢና ውስጥ። ካምፑ ሊደርሱ ሁለት ማይል ሲቀራቸው ቢግስ "ቁምና መሪውን አምጣው" አለው። ሻምበሉ በሩ ላይ ቆሞ ኮንቮዩን ይቀበላል፤ ቢግስ መሪ ጨብጦ ሲገባ መታየት ፈልጎ ነው። ቦቴ የመንዳት ፈቃድ ግን አልነበረውም። በሩ ላይ መታጠፊያውን ሳተና የወጥ ቤቱን ጄኔሬተር ደፈጠጠው። ስድስት መቶ ሰው ሦስት ቀን በጣሳ የታሸገ ምግብ ቀዝቃዛውን በላ።

"ከዚያ ጋቢናው ውስጥ ሆነን፣ አቧራው ሳይበርድ፣ 'አንተ ነበርክ በል' አለኝ" አለ ቨርነል። "'ያለ ፈቃድ ነዳ ከተባልኩ ማዕረጌን ይገፍፉኛል። ወረቀት ናት፣ እዚሁ በረሃ ትቀራለች። አገር ስንገባ ቋሚ አደርግሃለሁ' አለኝ። ፈረምኩ።"

"ቋሚ አደረገህ?"

"አድርጎኛል። ቃሉን አክብሯል" አለ፤ ይህን ሲል አፍሮ ነበር።

ወረቀቷ በረሃ አልቀረችም። የሹፌር ምልክት የሚሰጠው አሥራ ሁለት ወር ያለ አደጋ ለነዳ ነው፣ ወይም ስምንት ሺህ ማይል ያለ አደጋ ለነዳ። ቨርነል የነዳው አሥራ አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ነው። በማይል ግን ስምንት ሺህ አንድ መቶ አራት ሞልቶለት ነበር። አደጋ አድርሰሃል ተብሎ ተከለከለ። ጦሩ ሲመለስ ቅጽል ስሙም አብሮ መጣ፤ የሳቁበት ሰዎች ጎረቤቶቹ ናቸውና ስሙ ከእሱ ጋር ኖረ። ቢግስም ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ ነበር የሚጠራው።

"የምፈልገው አንድ ነገር ነው" አለኝ። "ቴት ሹፌር ነበር የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት።"

የጦሩን መዝገብ የሚያርመው ቦርድ ይግባኝ የሚያየው አዲስ ማስረጃ ሲቀርብለት ነው። አዲሱ ማስረጃ ደግሞ ከቢግስ አፍ ካልወጣ የለም። ቅዳሜ ጠዋት አብሬው ሄድኩ። ቢግስ ከቤቱ ጓሮ ጣውላ ላይ አምባዛ እየገፈፈ ነበር።

"ጄኔሬተር! ምን እግር ጣለህ?" አለና እኔን አየ። "ክሊዮ፣ አንቺ ደግሞ ልትከሺኝ ነው እንዴ?"

"እንደ አመልህ ነው" አልኩት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ቨርነል "ሃምሳ አለቃ፣ የዚያን ዕለት ነገር እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት፤ እውነቱን" አለ።

ቢግስ ቢላዋውን ሱሪው ላይ ጠረገ። ይቆጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምሰድበውንም ስድብ መርጬ ጨርሻለሁ።

"ይህችን ለመጠየቅ አሥራ አምስት ዓመት ፈጀብህ?"

"ሥራዬ በእጅዎ ነበር።"

"ጡረታ ከወጣሁ እኮ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አንተ ሰው።"

"ሦስቱን ዓመት ድፍረት ስፈልግ ነበር።"

ቢግስ ሳቀ። "ዛሬ ማን ምን ያደርገኛል? ማዕረጌን ይዤ ወጥቻለሁ። ክሊዮ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?"

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት። ደብዳቤ አውቃለሁ ብዬ እመካለሁ። "አጭር ይሁን፤ ቦርዱ ሐተታ አይወድም" አልኩ። "በዚያን ዕለት የነዳሁት እኔ ነኝ፣ አደጋውን ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ ቴት የፈረመው በእኔ ትእዛዝ ነው። በቃ።"

"የመጨረሻዋን ሁለት ማይል ብቻ እንደነዱ ይግባ እንጂ" አለ ቨርነል ቀስ ብሎ።

"እሱ አያስፈልግም፣ ነገር ያበዛል" አልኩት። ዝም አለ። ሰው ዝም ሲል ተስማማ ብሎ ማለፍ ደግሞ የቆየ በሽታዬ ነው።

ቢግስ የዓሣ እጁን ታጥቦ ጻፈ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ቨርነል ያን ሁሉ ዘመን እንቅልፍ ያጣበት ነገር ለቢግስ ዓሣ ገፍፎ ከመጨረስ ያነሰ ሥራ ሆነ።

በማግስቱ እሑድ ቢግስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሣና ተናዘዘ። ማንም ሳይጠይቀው። በረሃውን፣ ቦቴውን፣ ቀኑን ሙሉ ጨብጦት የዋለውን መሪ፣ ድካሙን፣ ጄኔሬተሩን፣ "በአንድ ምስኪን ወታደር ላይ የጫንኩትን ሸክም" አንድ ሳያስቀር ተረከ። አለቀሰ። ሕዝቡ አለቀሰ፣ አጨበጨበ። ፓስተሩ ወርዶ አቀፈውና "የእውነት ሰው" አለው። ቨርነል ከፊቴ ወንበር ተቀምጦ ነበር። አንዱ ከኋላ ትከሻውን መታ አደረገና "ጄኔሬተር፣ እንዲህ ያለ አለቃ የተሰጠህ እድለኛ ነህ" አለው። በቡጢ ልለው ምንም አልቀረኝ።

የቦርዱ መልስ በስምንተኛው ወር መጣ። ቨርነል ከአውቶቡሱ ወርዶ በቀጥታ መጣልኝና ጮክ ብዬ አነበብኩለት። የሃምሳ አለቃ ቢግስን ቃል ቦርዱ ተቀብሎታል። አደጋው ከቴት ስም ይፋቃል። ቨርነል በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ እኔም ጠረጴዛዬን ደበደብኩ። ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ።

ሃምሳ አለቃ ቢግስ በዚያን ዕለት የነዱት እሳቸው መሆናቸውን ስላረጋገጡ፣ ይላል፣ የዕለቱ ጉዞ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ማይል ከአመልካቹ ድምር ላይ ተቀንሷል። ቀሪው ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ስድሳ ስምንት ነው። ከሚፈለገው በአንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ይጎድላል። ምልክቱን የመስጠት ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም።

"እንደገና ያንብቡልኝ" አለ። አነበብኩለት።

ፊቱን ማየት አልቻልኩም። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት፤ "ያኔ ነግረኸኝ ነበር። ይስተካከላል። አንድ መስመር ነው፤ ቢግስ ሁለት ማይል ብቻ ነው የነዳሁት ብሎ ይጻፍ፣ የቀረው ማይል ያንተው ነው።"

ያኔውኑ ሄድን። የነዳው ቨርነል ነው። ቢግስ በረንዳው ላይ ነበር። ደብዳቤውን አንብቦ መለሰልኝ።

"አልጽፍም" አለ።

"አንድ መስመር እኮ ነው፣ ሃርላን!"

"እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? በእግዚአብሔርና በሕዝብ ፊት ቆሜ ቀኑን ሙሉ የነዳሁት እኔ ነኝ ብያለሁ። አሁን ደግሞ ኑዛዜዬ ውሸት ነበር ልበል? ፓስተሩ እኮ ለወጣቶቹ ያስተምርበታል።"

"ውሸት ነዋ!"

"የማስታውሰው እንደዚያ ነው" አለ ቢግስ፤ እኔን አላየኝም። "ቴት፣ ስምህ ጠርቷል። ምንድን ነው የቀረህ? ያቺ ቁራጭ ብረት?"

ቨርነል "ደህና ይዋሉ፣ ሃምሳ አለቃ" ብሎ ወረደ። እኔ ትንሽ ቆየሁና ያን ቀን ጓሮው ውስጥ ሳልናገረው የቀረውን ስድብ ከነወለዱ ሰጠሁት። ምንም አልጠቀመም።

መኪና ውስጥ ገብተን ቨርነል ሞተር አላስነሣም። መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

"ያን መንገድ ከእኔ ሲወስዱት፣ እኔን የት አደረጉኝ?" አለ።

ከቦርዱ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን አባሪ ገለጥኩ። የታረመው የጉዞ መዝገብ ነው። ሹፌር፦ ቢግስ፣ ሃርላን። ከሥሩ ሌላ ረድፍ አለ። ላነብለት አልፈለግሁም፤ እሱ ግን ይጠብቃል።

"ተሳፋሪ" አልኩት።

እንዲህ ሲሆን ዐይቼው አላውቅም፤ ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው መስኮቱ እስኪነዝር ጮኸ።

"ሲያንኮራፋ ነበር፣ ሚስ ክሊዮ! ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ማይል ሙሉ አጠገቤ ሲያንኮራፋ ነበር!"