«ግራ ነኝ፣ ጋሻህን አዙር!»

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ግራኝ ነበሩ። በጥምቀት ሜዳ ጉግስ ሲጫወቱ ዘንጋቸው ሰው ካልጠበቀው ወገን ይመጣል። ስለዚህ ከመወርወራቸው በፊት የሚያባርሩትን ፈረሰኛ «ግራ ነኝ፣ ጋሻህን አዙር!» ይሉታል። ያልተዘጋጀ ሰው መምታት ለእሳቸው ነውር ነበር። እንዲያ እያስጠነቀቁም ከሉማሜ እስከ ደጀን የሚመክታቸው አልተገኘም።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ አንድ ወታደር ፈረሳቸውን ሊወስድ መጣ። ጠብመንጃውን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ፈረሱን እየሳበ ከግቢ ሲወጣ ጋሼ ጦራቸውን በግራ እጃቸው አነሱ። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ይወርውሩት እንጂ!» አለቻቸው።

እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው፣ «ግራ ነኝ፣ ጋሻህን አዙር!» አሉ።

ሰውየው ጋሻ አልነበረውም። ዞረና ተኮሰ።

ስንገንዛቸው ጣቶቻቸውን ከጦሩ ማላቀቅ አቃተን። ፈረሱ የት እንደደረሰ አናውቅም፤ ጋሻቸው የቤቱ ምሰሶ ላይ እንደተሰቀለ ቀርቷል። ዘንድሮ ታቦቱ ሲገባ ሜዳው ላይ አንድ ፈረሰኛ እንኳ አልነበረም። እናቴ ወደዚያ ዞራ አላየችም። እኔስ ለማን አቤት ልበል? ጋሼ፣ ያን ቀን፣ ያን አንድ ቀን ብቻ፣ ዝም ብለው ቢወረውሩ ምን ነበረበት?