የይበልጣል ምላስ

ታኅሣሥ ፲፫ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.፣ ሰኞ። አባቴ ይበልጣል ፈንታ ባረፈበት ዕለት ከምድጃው በላይ ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት እስር የትምባሆ ቅጠል ተሰቅሎ ነበር። ሁለቱ ፍርዳቸውን አግኝተዋል፤ ማሰሪያቸው ላይ ቋጠሮ አለ። አንድ ቋጠሮ «ለብቻው ይጨሳል» ማለት ነው። ሁለት ቋጠሮ «ከሌላ ጋር ይደባለቅ»፣ ሦስት ቋጠሮ ደግሞ «ለባለቤቱ ይመለስ»። የሦስተኛው እስር ማሰሪያ ልሙጥ ነው። ከስማዳ በኩል የመጣ የቆላ ቅጠል መሆኑን ከቀለሙ አውቃለሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም ፈልጎ የመጣ የለም።

ሥራዬ መዝገብ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁት አድርጌ እጽፋለሁ።

አባቴ ከንፋስ መውጫ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ልጆቹም እንደ ጎረቤቱ «አያ» እንለዋለን። ሰው ግን በእርሻው አያውቀውም። ጋይንት፣ እስቴና ስማዳ ያሉ ጋያ የሚስቡ ሽማግሌዎች የሚያውቁት በምላሱ ነው። ጋያ ለማያውቅ ሰው፣ ግማሹን ውኃ የተሞላ ቅል ነው፤ አናቱ ላይ ትምባሆውና ፍሙ የሚቀመጥበት ሸክላ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ጢሱ የሚሳብበት መቃ አለው።

ቅጠል ሲመጣለት መጀመሪያ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። ጨበጥ አድርጎ ያዳምጣል። ከተንኮሻኮሸ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ጭራሽ ድምፅ ካጣ ሊሻግት ነው። ቀጥሎ ያሸተዋል፤ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ በትንፋሹ ካሞቀው በኋላ። ከዚያ በአውራ ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል ቅባቱ እስኪወጣ ያሸዋል፤ ጣቱን ምላሱ ጫፍ ላይ ያሳርፍና ዐይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ይተፋዋል። ጋያው የሚለኮሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የታወቀለት ቅልቅል አንድ ነው። የጋይንቱን ቅጠል ራሱ በጓሮው ያበቅልና ከምድጃው በላይ ክረምቱን ሙሉ ይሰቅለዋል፤ ቅጠሉ የወይራ ጢስ እየጠጣ እንደ አሮጌ ቆዳ ይጠቁራል። የእስቴው ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ይመጣል፤ ሰፊና ለስላሳ ነው፣ የሣር ክምር ይሸታል። የስማዳው ትንሽና አፍንጫ ቆንጣጭ ነው። ከእስቴው ሁለት እፍኝ፣ ጢስ ከጠጣው አንድ እፍኝ፣ ከስማዳው በሦስት ጣት ቁንጥር ያደርጋል። በብርዝ አርሶ፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ ድንጋይ ጭኖበት ዐሥራ ሁለት ቀን ያስተኛዋል። ሲከፈት ቤቱን የሚሞላው ሽታ ማርም ጢስም ነበር። ስለዚያ ቅልቅል ሲጠየቅ «ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ተሰናብቶ ይወጣል» ይል ነበር። መጥፎውን «ሆድ የለውም» ይለዋል፤ ወይም «ደጅ ቆሞ ይጮኻል»።

በእኛ አገር ትምባሆ የክርስቲያን ነገር አይደለም። ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው ይባላል። የመንደሩ ሴቶች አባቴን ጓሮው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያዩት የአርዮስን ማሳ እያረመ ነው እያሉ ያሽሟጥጡት ነበር። እሱም የአርዮስ ማሳ አፈሩ ጥሩ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ይስቃሉ። እናቴ ወለተ ሥላሴ አትስቅም።

እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከመሞቷ በፊት መቁረብ። ባልና ሚስት የሚቆርቡት ደግሞ አብረው ነው፤ አንዱ ወደኋላ ካለ ሌላው ብቻውን አይቀርብም። የንስሐ አባታቸው ቄስ ቀለመወርቅ ጋያ የሚሳብበትን ቤት አላቆርብም አሉ። ይህን መጀመሪያ ያሉት እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቀች። በየዓመቱ የሁዳዴ ጾም ሲገባ አንድ ጊዜ ትጠይቀዋለች፤ እሱም «ከርሞ» ይላል።

ጥር ፯ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም. ጋያውን ሰበረው። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ ጠይቄው ነበር።

«እናትሽ መጠየቅ ተወች» አለኝ።

ቄስ ቀለመወርቅ አንድ ዓመት ሙሉ ጢስ ካፉ ሳይገባ ከቆየ በሚቀጥለው የጥር ሥላሴ አብረው እንዲቆርቡ ፈቀዱ። የእናቴ የክርስትና ስሟ በዓል ስለሆነ ቀኑን የለመነቻቸው እሷ ናት። አባቴም ቅጠል የሚያመጡለትን ሰዎች እንዴት እንደሚያደርግ ጠየቃቸው፤ ምላሱስ? ቄሱ ሳቁና ምላስ ጢስ እንደማያወጣ፣ ብቻ እንዳይውጥ ነገሩት። ይህን ከቄሱም ከእሱም ሰምቻለሁ፤ ቃላቸው አይለያይም።

ያን ዓመት ቤታችን ሰው አጣ። ከሰዓት በኋላ እየመጡ ጋያውን ሲቀባበሉ የሚያመሹት ሽማግሌዎች መጀመሪያ አልፎ አልፎ ብቻ መጡ፤ ቀጥሎ ቀሩ። ክፋት አይደለም። አንድ እቃ ከበው ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ ሰዎች እቃው ሲነሣ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ጠፋቸው። አባቴ ቅጠል መፍረዱን ቀጠለ። ጋያው ሲቀር ሁሉም ነገር በምላሱ ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት ምላሱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፍ የነበረውን ጣት አሁን ደጋግሞ ያመላልሰዋል። ስለ ዝናብ እያወራ፣ በሬ እያየ፣ ሳያስበው የቀለበት ጣቱ ወደ አፉ ይሄዳል። እናቴ እንደ ሕፃን ጣትህን ትጠባለህ እያለች ትቀልድበት ጀመር። በዚያ ዓመት እናቴ ትቀልድ ነበር።

ጥር ፮ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ። እኔም ፈቃድ ወስጄ መጥቼ ነበር። ሁለቱም ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሱም፤ የሚቆርብ ሰው ቅዳሴው እስኪፈጸም ምላሱ ላይ ምንም አያሳርፍም። ነጫጭ ልብሳቸው ታጥቦ ዘንጉ ላይ ተሰጥቷል። ዐሥር ሰዓት ገደማ የስማዳው ነጋዴ አንዳርጌ ከገበያ ሲመለስ በራችን ላይ በቅሎውን አቆመ።

«አያ ይበልጣል፣ አልገባም፣ መንገደኛ ነኝ። ይችን ብቻ ያሽቱልኝ» አለ።

«ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አለው አባቴ።

«ይብሏት አላልኩም እኮ። አፍንጫም ይጾማል እንዴ?»

አባቴ ሳቀ። እኔ ከደጁ በስተግራ ካለው መደብ ላይ ተቀምጫለሁ። ቅጠሉን ወደ ጆሮው አስጠጋ። አሸተተ፣ በትንፋሹ አሞቀ፣ እንደገና አሸተተ። በጣቶቹ አሸው። አንዳርጌ ስለ ወገዳ መንገድ መበላሸት እያወራው ነበር። አባቴ እየሰማው ጣቱን ምላሱ ላይ አሳረፈ።

እኔ አየሁ። ምን እንዳየሁ የገባኝ ግን እሱ ሲገባው ነው። ዐይኑን እንደ ልማዱ ጨፍኖ ነበር፤ በድንገት ከፈተው። አጥሩ ጥግ ሄዶ ተፋ። ለአንዳርጌ ቅጠሉን መልሶ ሰጠውና ደህና ነው፣ ሁለት ቋጠሮ ነው አለው። አንዳርጌ አመስግኖ በቅሎውን ነዳ።

አባቴ ወደ ቤት ገብቶ ለእናቴ ነገራት፤ እኔም ተከትዬው ገብቻለሁ። ስትሰማው ቆማ ነበር።

«ሰው አይቶሃል?» አለችው።

«አንዳርጌ አይቷል። አላወቀም። ልጅሽም አይታለች።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ምን እንድላት እንደፈለገች እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ወደ ዘንጉ ሄደች፤ ልብሷን አንሥታ አጠፈች፤ የእሱንም አንሥታ አጠፈች። ሣጥኑን ስትዘጋ «አንተ ሰው፣ መዋሸት እንኳ አትችልበትም» አለችው። ተቆጥታ አልነበረም። እንጀራ አቅርባልን ሦስታችንም በላን።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለቄሱ ነገሯቸው። ቄስ ቀለመወርቅ አዘኑ። ዓመቱ እንዳልፈረሰ፣ የፈረሰው የአንድ ቀን ጾም ብቻ እንደሆነ ነግረዋቸው ለዳግማ ትንሣኤ እንዲዘጋጁ አሏቸው። እናቴ ግን በሥላሴ ቀን ካልሆነ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ስድስት ወር አይከብደውም አለቻቸው። ቄሱ ተስማሙ፤ ለሐምሌ ሥላሴ ተቀጠረ። ቀኑን የመረጠችው እሷ መሆኗን እዚህ የምጽፈው አባቴ በኋላ ራሱ የመረጠው አድርጎ ያወራ ስለነበር ነው።

ሰኔ ፲፱ ቀን ሰኞ ጠዋት እናቴ ጎመን ስትኮተኩት ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። ጎረቤቶች ቃሬዛ ይዘው እስኪደርሱ አልቆየችም። ለሐምሌ ሥላሴ ዐሥራ ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ቄስ ቀለመወርቅ ቤታችን መጡ። አባቴ አሁን ብቻውን እንደሆነ፣ የሚከለክለው ነገር እንደሌለ፣ መጥቶ እንዲቆርብ አጥብቀው መከሩት። አባቴ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ቆሞ አዳመጣቸው።

«አባ፣ ተራው የሷ ነበር» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖረ። እሑድ እሑድ ያስቀድሳል፤ ቆራቢዎቹ ሲጠሩ ግን ከቅጥሩ ውጭ ወጥቶ ይቆማል። ቅጠል የሚያመጡለት ሰዎች አልተቋረጡም፤ ግን አይቀመጡም፣ እሱም ተቀመጡ አይልም። ሲያሸት፣ ቅጠል ያሽበት የነበረውን ቀኝ እጁን ጋቢው ውስጥ አስገብቶ በወገቡ ላይ ይጫነዋል፤ ቅጠሉን የሚይዘው በግራው ብቻ ነው። ጎረቤታችን ፍቅር መጀመሪያ ስታየው እጁን ያመመው መስሏት ቅቤ ይዛለት መጣች። ቅቤውን ተቀበላት፤ ምክንያቱን አልነገራትም።

ጣቱን ወደ ምላሱ መውሰድ ከተወ በኋላ ፍርዱ ተሳሳተ። በ፳፻፲፩ ዓ.ም. አንድ ቋጠሮ ያሰረበትን የእስቴ ቅጠል ሰዎች ስበው ጉሮሯቸውን ከረከራቸው፤ ይበልጣል አረጀ ተባለ። አንዳርጌ ይህን ሰምቶ መጣ። የዚያን ቅዳሜ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው ሰምቶ ኖሮ ይቅርታ ሊለምነው አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አባቴ ትከሻውን ይዞ ቀና አደረገው።

«አንተ ቅጠል አመጣህ። ጣቱ የኔ ነው» አለው።

አንዳርጌ ሲነግረኝ ይህን ሁለት ጊዜ ደገመው።

እኔ ደብረ ታቦር መጥቶ ከእኔ ጋር እንዲኖር ጠይቄው ነበር። ቤት የሚጠብቅ የለም አለኝ። ስልክ ስደውልለት ስለ ውርጩና ስለ ባቄላው ያወራኛል፤ ወሬው ሲያልቅበትም ስልኩን አይዘጋም። ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። ቀድሜ የምዘጋው እኔ ነበርኩ።

ቄስ ቀለመወርቅ እንደነገሩኝ፣ ኅዳር ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ «ለጥር ሥላሴ ያስቡኝ» ብሏቸዋል። ሌላ የሰማ የለም። የሞተን ሰው ልጅ ለማጽናናት ሲባል የሚጨመር ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቃሉ ያ ብቻ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ። ጥር ሥላሴ ሳይደርስ አረፈ።

የመጨረሻዎቹን ቀናት ከጎረቤቶች ሰብስቤአለሁ። ሐሙስና ዓርብ ከደጅ ተቀምጦ ስንዴ ሲለቅም ዋለ። መገበሪያ የማቅረቡ ተራ የእሱ ነበር፤ ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ በደብራችን እያንዳንዱ ቤት በተራው ይሰጣል። ስንዴው ከዚያው ዓመት ምርቱ ነው። ፍቅር እንዳለችው በሁለት እጁ ነበር የሚለቅመው፤ የተሰበረውን ለዶሮ፣ ጠጠሩን ወደ አጥሩ እየጣለ። ላግዝህ ብትለው አልፈቀደላትም።

ሊያርፍ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ጠዋት፣ ስንዴውን በስልቻ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ። ኅብስቱ በሚጋገርበት ቤተ ልሔም በር ላይ ዲያቆን አስቻለው ተቀበለው። ዲያቆኑ እፍኝ ዘግኖ አየና አንድ ጠጠር እንኳ እንዳጣበት ነገረው። አባቴ ደግሞ እንዲያይ አደረገው። ዲያቆኑ ሁለተኛ ዘግኖ አየ፤ ንጹሕ ነው አለ፤ ስንዴውን ወደ ጎታው ገለበጠ። አባቴ ባዶውን ስልቻ ከደጅ ሁለት ጊዜ አራገፈው፣ አጠፈው፣ ብብቱ ሥር አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ።