የቁም ጥሩምባ

በእሪ በከንቱ ሰፈር አቶ ፍስሃን በስማቸው የሚጠራ ጥቂት ሰው ነበር። “ጥሩምባው” ይሏቸዋል። ቀን አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲያወርዱ ይውላሉ፤ የሰፈሩ ሰው ሲሞት ደግሞ ጎሕ ሲቀድ የእድሩን ጥሩምባ እየነፉ በየቅያሱ ይዞራሉ፤ የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ ይናገራሉ። ከዚህ ሌላ ነገር ከእሳቸው የሚጠብቅ አልነበረም፤ እሳቸውም እንዲጠበቅባቸው አልፈለጉም።

ሰፈሩ ከመፍረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለጎረቤታቸው ለእትዬ ለተክርስቶስ ልጅ ለሜላት ጥሩምባ ነፍተዋል። ሜላት ወደ ዐረብ አገር በስውር ስትጓዝ በረሃ ላይ በውኃ ጥም መሞቷ የተሰማው አብራት ከሄደች ልጅ ነው። ሬሳ አልመጣም፤ ድንኳኑ ያለ ሬሳ ተተከለ። ፍስሃ ግን ሜላት ሻንጣዋን ይዛ የደላላ መኪና ውስጥ ስትገባ አይተዋት ነበር። ያን ንጋት ከሰፈሩ የነቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። “እግዜር ይከተልሽ” ብለው አለፉ። ይህን ደግነት የሚሉት አሉ፤ እኔ አልለውም። ምርቃት ከዝምታ ጋር ሲሰጥ ለደላላው የሚሰጥ አገልግሎት ነው።

የሰፈሩን ልጆች በዚህ መንገድ የሚልኩት አቶ ተስፋሁን ናቸው። ደላላ የሚላቸው የለም። የእድሩ ምክትል ዳኛ ናቸው፤ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ ሲወጡ ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። በሜላት ልቅሶ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እትዬ ለተክርስቶስም ምንም ሳታውቅ እጃቸውን ስማ አመስግናቸዋለች።

አንድ አመሻሽ ላይ አቶ ተስፋሁን ፍስሃን ከደጃቸው አገኟቸው።

“ጋሼ፣ ነገ ንጋት ላይ እነ አርሴማ በር መኪና ቢያዩ እንደ ወትሮው ነው።”

“እንደ ወትሮው ማለት?”

“እንደ ወትሮው ነዋ! አላዩም ማለት ነው። እርስዎን እኮ የሚመለከትዎት የሞተ እንጂ የሄደ አይደለም” ብለው ሳቁ።

የወይዘሮ አርሴማ ልጅ ኤዶም ገና አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላትም። ፓስፖርት የላትም፤ የተዘጋጀላት ያው ሜላት የሄደችበት የበረሃና የባሕር መንገድ ነው። ፍስሃ ወዲያው ወደ እናትየው ሄዱ።

“አርሴማ፣ ይህችን ልጅ አትስደጃት።”

“ማን ሰደዳት ጋሼ? ራሷ ናት የፈለገችው።”

“ሜላትም ራሷ ነበረች የፈለገችው።”

“የሜላት እድሏ ነው። የእኔን ልጅ በሞተ ሰው አይለኩብኝ።” በሩ ተዘጋ።

ለምን ለሕግ አላመለከቱም የሚል አንባቢ ይኖራል። ማመልከት ነበረባቸው። ነገር ግን በእኛ ሰፈር ሰው በእድሩ ዳኛ ላይ አያመለክትም፤ ሲሞት የሚቀብረው ያው እድር ነውና። ይህን የማያውቅ ሰው ክፋት እንዴት በአደባባይ ተከብሮ እንደሚኖር አያውቅም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ።

“የወይዘሮ አርሴማ ልጅ ኤዶም! የቀብሩ ቦታ አይታወቅም! ኤዶም! የቀብሩ ቦታ አይታወቅም!”

ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች ጋቢያቸውን እየጎተቱ ከየቤቱ ወጡ። ኤዶም ሻንጣዋን ይዛ ከመኪናው በር አጠገብ ቆማለች። ሕዝቡ እሷን ሲያይ ባለበት ደረቀ። እናትየው ጮኸች።

“ምላስህን ይቁረጠው! ልጄን በቁሟ ትገድላለህ? አንተ ሟርተኛ!”

“ጋሼ፣ ዛሬስ ሞትን ደርበው አለፉት!” አለ ከጎረምሶቹ አንዱ። የሳቁም ነበሩ።

“አልሞተችም” አሉ ፍስሃ። “የምትሄድበት መንገድ ግን ሬሳ አይመልስም። የሚያለቅስላት ካለ አሁን፣ ፊቷን እያየ ያልቅስ።”

ሹፌሩ የሕዝቡን ብዛት ሲያይ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ኤዶምን ትቶ ሄደ። ያኔ እትዬ ለተክርስቶስ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣች፤ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ደረቷን መታች። በመጀመሪያ የጠራችው የሜላትን ስም ነበር፤ ከዚያ የኤዶምን። ልቅሶ አንዷ ከጀመረችው ሌላዋ ችላ አትልም፤ ሴቶቹ ተከተሉ። ኤዶም ቆማ አየቻቸው።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ ተስፋሁን እንደ ልማዳቸው ከዳኛው ከአቶ ኃይለማርያም ቀኝ ተቀምጠዋል።

“ጥሩምባው የማን ነው?” አሉ ዳኛው።

“የእድሩ ነው” አሉ ፍስሃ።

“እድሩ በቁሙ ላለ ሰው ይነፋል?”

“አይነፋም።”

“እንግዲያው ጥፋትዎን አምነዋል። እናትየውን ይቅርታ ይጠይቁ፤ ከዚያ ንጋት ወዲህ ስማቸው በሰፈሩ በከንቱ የሚነሣውን አቶ ተስፋሁንንም።”

“አርሴማን እጠይቃለሁ። እሳቸውን አልጠይቅም።”

ጥሩምባውን ተነጠቁ፤ ከእድሩም ተሰረዙ። የሚቀብራቸው የላቸውም ማለት ነው። ስለ መኪናው የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ፍስሃን ግን ጀግና ለማለት አልቸኩልም፤ ለሜላት ማድረግ የነበረባቸውን ዘግይተው ያደረጉት ነው።

አቶ ተስፋሁን ነገሩን በዚህ ሊተዉት አልወደዱም። “ልጅቷ ራሷ ትናገር። እኔ ነኝ የበደልኩሽ ወይስ ይህ ሰው? መንገዱ ዛሬም ክፍት ነው፤ ከፈለግሽ።”

ኤዶም ከእናቷ አጠገብ ተነሣች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

“ሲለቀስልኝ ቆሜ አይቻለሁ። የማይወዱኝ እንኳ አለቀሱ። እናቴ ግን መኪናው የሄደበትን አቅጣጫ ነበር የምታየው። አልሄድም።”

ወይዘሮ አርሴማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ኤዶም ያን ዕለት ሻንጣዋን ከእናቷ ቤት አውጥታ እትዬ ለተክርስቶስ ዘንድ ገባች።

እናትየው ሲመሽ መጥታ በሩን ደበደበች። “ልጄን መልሺልኝ!”

እትዬ ለተክርስቶስ በሩን አልከፈተችም። “ለማን ልመልሳት? ለአንቺ ነው ለተስፋሁን?” አለች ከውስጥ።

ወይዘሮ አርሴማ እጇን ከበሩ አንሥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ዳግመኛ አልመጣችም።