ከቢሯችን የጠፋው አምፕሊፋየር

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ ነው። ሰው ሳላጣራ አልጠረጥርም ለማለት በቃጣኝ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

የምሠራው የፋይበር መስመር በሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ ነበር። በፋይበር ውስጥ የሚመጣው ብርሃን መንገድ ሲረዝምበት ይደክማል፤ አምፕሊፋየር የሚባል መሣሪያ በየጣቢያው ያጎላዋል። ችግሩ፣ መሣሪያው የራሱንም ረብሻ ይጨምርበታል። ረብሻው በጣም አነስተኛ የሆነ አዲስ አምፕሊፋየር የነበረን አንድ ብቻ ነው። ጁባ ታውን ባለው ቢሯችን የገጠምኩትም እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ በቦታው አሮጌ ተገጥሞ አገኘሁ።

ቱት የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የማያንስ፣ ዝምተኛ ሰው። ዘበኛውን ስጠይቀው፣ ቱት ቅዳሜ ዕለት ካርቶን ይዞ በሞተር ሳይክል እንደወጣ ነገረኝ። ስልኩ ላይ ብደውል አይሠራም። ያኔ ሁሉም ነገር ይገጣጠምልኝ ጀመር፤ ባለፈው ሳምንት የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ መጠየቁ፣ ዝምታው ሳይቀር። ለኃላፊያችን ነገርኩት፤ እሱም ሁለት የጸጥታ ሰዎች አስጠራ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ ነገር የተያዘ ሰው መቼ እንደሚፈታ አይታወቅም ነበር። ይህን እያወቅኩ አብሬያቸው ተነሳሁ።

መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ሸሪካት ሰፈር ያለውን ጣቢያችንን እንይ ተባለና ድልድዩን ተሻገርን። ቱት ተንበርክኮ መስመሩን ሲለካ ደረስን። አዲሱ አምፕሊፋየር ከፊቱ ተገጥሞ እየሠራ ነው።

“ብርሃኑ ከድንበር ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው እዚህ ነው” አለኝ። “እዚህ ረብሻ ከገባበት፣ የቢሯችን መሣሪያ ረብሻውንም አብሮ ነው የሚያጎላው። ጥሩውን ወደዚህ ያመጣሁት ለዚህ ነው። ዓርብ መኪና ውስጥ ነግሬሽ እሺ ብለሽኝ ነበር።”

ብያለሁ። ስልኬን እየነካካሁ።

ከዚያ ከኋላዬ የቆሙትን ሁለቱን ሰዎች አያቸው። በጁባ አረብኛ ሰላም አላቸው፤ እጆቹ እንዲታዩም መለኪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እኔም ሳልጠየቅ፣ የመጡት መንገዱ አስጊ ስለሆነ ነው አልኩት።

መስመሩ ከዚያ በኋላ ጥርት ብሎ ሠራ። ቱትም ሰላምታውን አልከለከለኝም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዲት ካቻቢቴ እንኳን ሲወስድ ወረቀት ጽፎ ያስፈርመኝ ጀመር።

ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው የመጀመሪያውን ወረቀት ሲያቀርብልኝ ነበር። ዝም ብዬ ፈረምኩለት። ዛሬ ከጥርጣሬዬ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ዝምታዬ ነው።